«ደም ይጠጣሉ ይባላል፣ እውነት ነው?» ስለ ማሳዮች የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ናይሮቢ ኑሮዬ ስጽፍ ማሳዮችን፣ በኬንያና በታንዛኒያ የሚኖሩትን ከብት አርቢዎች፣ በአንዲት መስመር ብቻ ነካ አድርጌ አልፌ ነበር፤ «ቤቷ አስገብታ ወተት ያጠጣችኝ የናሮኳ እናት» ብዬ። ናሮክ ኬንያ ውስጥ ያለች የማሳይ ከተማ ናት። ከዚያ የመጣው የጥያቄ ብዛት! ሰው ሁሉ ናይሮቢን ትቶ ስለ ማሳይ ነው የጠየቀኝ። እሺ፣ ዛሬ ዓምዱ የእነሱ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ። ዓመቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው ብዬ ካልነገርኳችሁ በፈረንጆቹ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ማሳዮች የከብት ደም ይጠጣሉ ሲባል ሰምቼ ዘገነነኝ። እውነት ነው? ሌላስ ምን ይበላሉ? (ተማሪ ነኝ፣ ከሀዋሳ)

እውነት ነው እህቴ። ግን እንደ ሻይ በየቀኑ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ደግሞ ዳጣ አስቀርበን ጥሬ ሥጋ የምንቆርጥ ሰዎች በሌላው ማዕድ «ዘገነነኝ» ስንል ትንሽ ማፈር ያለብን ይመስለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከብቷ አትታረድም። ደም ሥሯ እስኪነፋ ድረስ አንገቷን በጠፍር ጠበቅ አድርገው ያስሯታል። ከዚያ አንዱ ከቅርብ ሆኖ ፍላጻ ይሰዳል። የፍላጻው ጫፍ አጭር ስለሆነ ደም ሥሩን ይበሳል እንጂ ጠልቆ አይገባም። የሚፈሰውን በቅል ይቀበላሉ። ጠፍሩ ሲላላ ደሙ ይቆማል፣ ቁስሉን ደፈን ያደርጉታል፣ ከብቷም ወደ ግጦሿ ትመለሳለች። ደሙ ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚጠጣው። ለወለደች እናት ይሰጣል፣ ለተገረዘ ልጅ ይሰጣል፣ ለታመመ ይሰጣል፤ በጋው ጠንክሮ ወተት ሲነጥፍም ረሃብ ያስታግሳል። ዛሬ ዛሬ ግን በጣም ቀንሷል። ናሮክ ከተማ ምሳ ሰዓት ላይ ብትገቢ ማሳዩ ከፊቱ ያለው ኡጋሊ ነው፤ የበቆሎ ገንፎ በይው። ከጎኑም በወተት የተፈላ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ።

ዋናው ምግባቸው ወተት ነው። የናሮኳ እናት ቤት ያየሁትን ልንገርሽ። ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት፣ ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰው። ጨለማውን እስክለምድ ድረስ የሚታየኝ ፍሙ ብቻ ነበር። ሴትየዋ ከምድጃው አንድ ትርኳሽ መዘዘች፣ ጫፉ ላይ ፍሙ እንዳለ ረጅሙ ቅል ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ ቅሉን ጭኗ ላይ አጋድማ ወዲያ ወዲህ ታሽከረክረው ጀመር። በአፉ ቀጭን ጭስ ወጣ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ በቃ፣ አያቴ ጓዳ ገባሁ። እንጨቱ ምንድን ነው አልኳት። «ኦሎይሪየን» አለችኝ። ልጇ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጥቶ ዛፉን አሳየኝ። ወይራ ነው። የኛው ወይራ! አያቴ የወተት ዕቃዋን የምታጥንበት፣ እርጎው እንዳይበላሽ፣ ሽታውም እንዲጣፍጥ። ከአዲስ አበባ ናሮክ የአንድ ሺህ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን ከአያቴ ጓዳ የወጣሁ አልመሰለኝም።

አንድ የምግብ ሕጋቸውንም ልጨምርልሽ። በቀድሞው ሥርዓት ሥጋና ወተት በአንድ ቀን አይቀላቀሉም፤ የሥጋ ቀን የሥጋ ነው፣ የወተት ቀን የወተት። ሞራን የሚባለው ወጣት ጦረኛ ደግሞ ብቻውን ወተት አይጠጣም፣ ጓደኛ መኖር አለበት። ብቻውን የሚበላ ሰው ሲታማ የምናውቅ ሰዎች ይሄ ይገባናል።

ጥያቄ፦ ለምንድነው የሚዘሉት? ከፍ ብሎ የዘለለ ሚስት ያገኛል የሚባለው እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

የእስክስታ አገር ሰው ሆነህ ይህን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ዝላዩ «አዱሙ» ይባላል። ሞራኖቹ በግማሽ ክብ ይቆማሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ወደ መሃል ይገባል፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይነጥራል። ከበሮ የለም። ሌሎቹ በጉሮሯቸው ወፍራም ድምፅ እያወጡ ይቀበሉታል፣ እሱ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፃቸውም ከፍ ይላል። ሚስት የሚያስገኝ ፈተና አይደለም፤ ሴቶቹ ግን ያያሉ፣ ማየት ደግሞ የትም አገር ማየት ነው።

እግር ካነሳን አይቀር ዴቪድ ሩዲሻ የማሳይ ልጅ ነው፣ በአባቱ በኩል። ለንደን 2012 ላይ 800 ሜትርን በ1፡40.91 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው። አባቱም በ1968 ሜክሲኮ ኦሊምፒክ በዱላ ቅብብል የብር ሜዳሊያ ያገኘ ሯጭ ነበር። ያንን ሩዲሻን በ2011 ሚላን ላይ፣ በ2012 ደግሞ ከኦሊምፒኩ ሦስት ሳምንት በኋላ ዙሪክ ላይ የቀደመው ማን መሰለህ? የኛው መሐመድ አማን። ናይሮቢ ውስጥ ክርክር ሲከር የምመዛት ካርድ እሷ ነበረች።

ጥያቄ፦ እኔ ቦረና ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። እኛ ገዳ አለን። ማሳዮቹም በዕድሜ ተከፍለው ነው የሚተዳደሩት ሲሉ ሰማሁ። ከገዳ ጋር አንድ ነው? (ከያቤሎ)

አባባ፣ ከእርስዎ ጥያቄ በላይ ያስደሰተኝ የለም። ስለ ገዳ እርስዎን ላስተምር አልነሳም፤ ስለ እነሱ የማውቀውን ልንገርዎት፣ ልዩነቱን እርስዎ ይፍረዱ።

ይመሳሰላል፣ ግን አንድ አይደለም። በገዳ ልጅ የሚገባበት ክፍል በአባቱ ይወሰናል፣ ሥልጣንም በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። በማሳይ የሚወስነው የግርዛት ዘመን ነው። በአንድ ዘመን የተገረዙ ልጆች ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ የዚህ ጎሣም ይሁን የዚያ፣ አንድ እኩያ ይሆናሉ፣ የጋራ ስም ይወጣላቸዋል፣ እስኪሞቱም በዚያ ስም ይጠራሉ። ዘመኑ ተዘግቶ ሌላ እስኪከፈት 15 ዓመት ገደማ ይሄዳል። አባ ገዳን የሚመስል አንድ መሪ የላቸውም። ነገር የሚቆረጠው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ እስኪስማሙ ድረስ ተነጋግረው ነው። «ላይቦን» የሚሉት ባለ ትንቢትና ባለ በረከት ሰው አለ፤ ይመክራል፣ ይባርካል፣ ግን አይገዛም።

ደረጃዎቹ ረጅም ናቸው። መጀመሪያ «ኤንኪፓታ» ነው፣ ልጆቹ ለግርዛት የሚዘጋጁበት። ከዚያ ግርዛቱ። ግርዛቱ ላይ ዓይኑን ያርገበገበ ልጅ ቤተሰቡን ያዋርዳል፤ እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የተገረዘው ሞራን ይሆናል፤ ፀጉሩን ያሳድጋል፣ በቀይ አፈርና በቅባት እየለወሰ ይጎነጉነዋል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይኖራል፣ ከብት ይጠብቃል። ከዓመታት በኋላ «ኤውኖቶ» ይመጣል። እኔን ሆዴን የሚያባባኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያሳደገውን ፀጉር እናቱ ናት የምትላጨው። በሬ ቆዳ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ወተትና ውሃ እያፈሰሰች ትላጨዋለች። ጦር ይዞ ሲፎክር የነበረው ጎረምሳ እዚያ ላይ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ይንቀጠቀጥና ሰው ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ሚስት ማግባት ይችላል። መጨረሻ «ኦልንጌሸር» የሚሉት የሥጋ ድግስ አለ፤ ሞራንነቱ እዚያ ያበቃል፣ ከሽማግሌዎች ይቆጠራል።

ዩኔስኮ ገዳን በ2016 ሲመዘግብ፣ እነዚህን ሦስት የማሳይ ሥርዓቶች ደግሞ በ2018 መዝግቧል። ልዩነቱ የማሳዮቹ «በአስቸኳይ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ መግባታቸው ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ዓመታት ጫካ መኖር አይቻልም፤ አሁን ብዙ ቦታ ሥርዓቱን በትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ጨምቀው ይጨርሱታል። መሬቱም ታጥሯል፣ ይሄን ግን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ማሳዮች ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው የሚል አየሁ፤ ሌላው ከእስራኤል ነው ይላል። የቱ ነው ትክክል? (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሕዝብ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። የእስራኤሉ ወሬ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአንድ ጀርመናዊ መኮንን ሐሳብ ነው፣ ዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት አይቀበሉትም። ቋንቋቸው «ማ» ይባላል፣ ከናይሎቲክ ወገን ነው። ከኛ አገር ሕዝቦች የምሥራቅ ናይሎቲክ ዘመዳቸው ደቡብ ኦሞ ያሉት ኛንጋቶሞች ናቸው። የራሳቸው የማሳዮቹ አፈ ታሪክ ከሰሜን፣ ኬሪዮ ከሚባል ጥልቅ ሸለቆ ወደ ላይ ወጣን ይላል። ኬሪዮ ከቱርካና ሐይቅ በስተደቡብ ነው፤ ቱርካናን የሚሞላው ደግሞ የኛው ኦሞ ነው። ከዚያ በላይ ዝምድና መቁጠር አያስፈልገንም።

ዝምድናው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱም አያምርም። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉትን ዘመን ታውቃለህ፣ በኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.። ጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው ከባሕር ማዶ ከብት በምፅዋ አስገቡ፣ ከከብቱ ጋር በሽታው ገባ። «ደስታ» ነው የሚባለው፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። የአገሩ በሬ አለቀ፣ ሞፈርና ቀንበሩ ተሰቀለ፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ሕዝቡን ለማበረታታት ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። እኛ ታሪኩን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። በሽታው ግን አልቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ፣ በ1890ዎቹ መባቻ ማሳይ ደረሰ። ከእህል ጋር ብዙም ግንኙነት የሌለው፣ በከብት ብቻ የሚኖር ሕዝብ ከብቱ ሁሉ ሲያልቅ አስበው። ፈንጣጣውም በላዩ ተጨመረ። ዘመኑን «ኤሙታይ» ይሉታል፣ «ጠርጎ መጨረስ» እንደማለት። በዚያን ጊዜ በአገራቸው ያለፈ ባውማን የሚባል ኦስትሪያዊ ተጓዥ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ሳያልቅ አልቀረም ብሎ ገምቷል። እኛ ክፉ ቀን ብለን ለብቻችን የምናለቅሰው ልቅሶ የጋራ ነበር። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየውም በ2001 እዚያው ኬንያ፣ በዱር ጎሾች ላይ።

ጥያቄ፦ ታንዛኒያ ውስጥ ማሳዮች ለቱሪዝም ሲባል ተፈናቀሉ የሚል ዜና አይቼ ነበር። ጉዳዩ ምንድን ነው? (ከስቶክሆልም)

ይሄ ካለፈው መልስ ይቀጥላል። ከብቱም ሰውም ካለቀ በኋላ እንግሊዞች መጡ። በ1904 ውል አስፈረሙ፤ ማሳዮቹ ምርጡን የስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ለነጭ ገበሬዎች ለቀው ወደ ሁለት ክልል ይገባሉ፣ ውሉም «የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ» ይጸናል ተባለ። ሰባት ዓመት ነው የጸናው። በ1911 ሌላ ውል መጣ፣ የሰሜኑን ክልል ላይኪፒያንም ልቀቁ ተባሉ። እነሱ ግን ጦር አላነሱም፣ በ1913 ጠበቃ ቀጥረው ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይሄ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ውል ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም። መሬታቸውን ለመውሰድ ሲሆን ተገዢ፣ ለመክሰስ ሲሆን የውጭ አገር መንግሥት ሆኑ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እሥቃለሁ፣ ከዚያ እናደዳለሁ።

ታንዛኒያ ደግሞ ሴሬንጌቲ አለ። ስሙ ራሱ ከማሳይ ቋንቋ ነው የመጣው፣ ማለቂያ የሌለው ሜዳ እንደማለት። በ1959 ከዚያ አስወጥተው ጎረቤቱ ንጎሮንጎሮ አሰፈሯቸው፣ እዚህ ከአራዊቱ ጋር ትኖራላችሁ ተባሉ። አሁን ደግሞ ሕዝቡ በዛ፣ ከብቱ በዛ፣ ተፈጥሮ ተጎዳ ተብሎ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ምሶሜራ ወደሚባል ቦታ ሂዱ እየተባሉ ነው። መንግሥት በፈቃደኝነት ነው ይላል። ብዙዎቹ ማሳዮች ግን ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ በጀት እየተነፈገው እንዴት ፈቃድ ይባላል ይላሉ። በሰኔ 2022 ከሴሬንጌቲ አጠገብ ባለው ሎሊዮንዶ ውስጥ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊከለል ሲል ግጭት ተነሳ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ አንድ ፖሊስ ሞተ፣ የቆሰሉ ማሳዮች ድንበር ተሻግረው ኬንያ ታከሙ። በነሐሴ 2024ም ንጎሮንጎሮ ላይ በሺዎች ወጥተው መንገድ ዘግተዋል።

የአራዊት ጥበቃ አያስፈልግም አልልም። ግን አንበሳውና ሜዳ አህያው እስከ ዛሬ እዚያ የቆዩት እነዚህ ሰዎች የዱር ሥጋ ስለማይወዱና ግጦሹን በየወቅቱ ስለሚያሳርፉት ጭምር ነው። ኬንያ በኩል የተሻለ የሠራ ነገር አለ፤ ማሳይ ማራ ዙሪያ ባለመሬቶቹ መሬታቸውን ገጥመው ለሎጅ ያከራያሉ፣ ኪራዩ በየወሩ በስልክ ይገባላቸዋል። ካጂያዶ ላይ ግን የጋራ መሬቱ ለየግል ተሸንሽኖ ብዙው ተሸጠ፣ አጥር በአጥር ሆነ። ድርቅ ሲመጣ ከብት የሚሸሽበት መንገድ የለም። ከ2020 እስከ 2023 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲጠፋ፣ ያው ቦረናንም ያራቆተው ድርቅ፣ ኬንያ ብቻ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት አልቀዋል።

ጥያቄ፦ ወንዱ አንበሳ ካልገደለ አያገባም አሉ! (ከዱባይ)

ውሸት ነው። አንበሳ መግደል ክብር ነበረው፣ የጋብቻ ግዴታ ግን አልነበረም። ኬንያ በ1977 አደንን በሙሉ ከልክላለች። ዛሬ አምቦሴሊ አካባቢ ጥንት ገዳይ ይሆኑ የነበሩ ሞራኖች ደሞዝ እየተከፈላቸው አንበሶቹን ስም አውጥተው ይጠብቃሉ፣ እረኞችን «ዛሬ በዚህ በኩል አትንዱ» እያሉ ያስጠነቅቃሉ። ከ2012 ጀምሮም «የማሳይ ኦሊምፒክ» አለ፤ ጦር መወርወር፣ ቆመጥ አነጣጥሮ መወርወር፣ ሩጫና ዝላይ። ጉራውን የሚነዛበት አገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኬንያ ደርሶ ሲመጣ ቀይ የማሳይ ጨርቅና የአንገት ዶቃ አመጣልኝ። ብለብሰው ነውር ይሆን? የቀለሞቹስ ትርጉም? (ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

ጨርቁ «ሹካ» ይባላል፤ የምንበላበት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ውስጥ አንዱ «ሹካ፣ ሹካ፣ ርካሽ ሹካ» እያለ ሲከተለኝ ማንኪያውስ የት አለ ልለው ነበር። ድሮ የሚለብሱት ቆዳ ነበር፣ ጨርቁ በንግድ የመጣ ነው፣ ብዙው የሚሸመነውም ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ልበሺው፣ የሚቀየምሽ የለም። ቀይ የሚወዱት የጀግንነትና የደም ቀለም ስለሆነ ነው፣ ከሩቅም ይታያል። ጫማውን ደግሞ ብታይው ትስቂያለሽ፤ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ፣ በረባሶ! ቁርጥ የኛ በረባሶ።

ዶቃው ላይ ግን ሴቶቹ ብዙ ይደክማሉ። ነጩ ወተት ነው፣ ሰማያዊው ሰማይ፣ አረንጓዴው ሣር፣ ቀዩ ደም። ከፈረንጅ የመስታወት ዶቃ በፊት ከፍሬና ከዛጎል ይሠሩት ነበር። ሲገዛ ግን ጠንቀቅ ነው። እኔ ናይሮቢ «የማሳይ ገበያ» ከሚባለው ቦታ አንዱን ሻጭ አምኜ ለእናቴ የአንገት ጌጥ ገዛሁ፣ «እናቴ ናት በእጇ የሠራችው» ብሎኝ ነበር። ገና ታክሲ ውስጥ ክሩ ተበጥሶ ዶቃው እግሬ ሥር ተበተነ። ለሰፈራችን ዘበኛ፣ እሱ እውነተኛ ማሳይ ነው፣ ስነግረው በአንድ ዓይኑ ዶቃውን አይቶ «ይሄን የሠራ ሰው ላም አጠገብ ደርሶ አያውቅም» አለኝ። የተረፈውን ወስዶ ሚስቱ ደግማ ሰካችው። እናቴ እስካሁን ታደርገዋለች።

አሜሪካ ስላለሽ አንድ ነገር ላንሳልሽ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ፣ በሰኔ 2002፣ ኢኖሳየን የምትባል መንደር ሽማግሌዎች ለአሜሪካ 14 ላም ሰጡ። እዚያ ይማር የነበረ ልጃቸው ያየውን ነግሯቸው ነው። የኤምባሲው ሰው መጥቶ ተረከበ፣ ላሞቹን ግን በአውሮፕላን መጫን ስላልተቻለ እዚያው ቀሩ። ዓለም እንደ ቀልድ አየው። ማሳይ ግን ያዘነን ሰው የሚያጽናናው በላም ነው፤ እኛ ለቅሶ ቤት እህል ይዘን እንደምንሄደው።

ጥያቄ፦ ሴቶቹስ? ቤት የምትሠራው ሴት ናት፣ ወንዱ ቁጭ ብሎ ያያል ይባላል። (ከእስራኤል)

ቤቱን የምትሠራው እሷ ናት፣ እውነት ነው። እንጨቱን ታቆማለች፣ ጭቃና እበት ለውሳ ትመርጋለች፣ ዝናብ ሲያፈሰው ሌሊት ወጥታ የምትደፍነውም እሷ ናት። ስለዚህ ቤቱ የእሷ ነው ይባላል። ወተቱንም የምታዝዘው እሷ ናት። ከብቱ ግን በወንዱ ስም ነው፣ ዋናው ነገር ደግሞ ከብቱ ነው። ከአንድ በላይ ማግባትም አለ፣ ልጅን በጥሎሽ ቶሎ መዳርም ነበር፣ አሁንም በየቦታው አለ።

የሴት ልጅ ግርዛትን ኬንያ በ2011 በሕግ ከልክላለች፣ እኛም በኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን እንደከለከልነው። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ሁለታችንም አይተናል። ኪማና አካባቢ ያደገች ናይስ ሌንጌቴ የምትባል ማሳይ አለች። ልጅ ሳለች ሊገርዟት ሲሉ ከእህቷ ጋር ሸሽታ ዛፍ ላይ ተደበቀች። መጨረሻ ላይ ያስጣሏት አያቷ ናቸው። ካደገች በኋላ ያደረገችው ነገር ነው የሚገርመኝ፤ ሽማግሌዎቹን አልሸሸችም፣ ሄዳ አነጋገረቻቸው፣ ለዓመታት። ምላጩን አውጥታ በረከቱን፣ ዘፈኑንና ምክሩን ያስቀረ ሥርዓት አለማመደች። በ2018 ታይም መጽሔት ከዓለም 100 ተጽዕኖ ፈጣሪዎች አንዷ ብሏታል። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ሴት የማይናገርበት የሽማግሌ ስብሰባ ላይ ቆማ መናገሯ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ናይሮቢ አብሮኝ የሚሠራ ማሳይ ለወንድሙ ሠርግ ካጂያዶ ጋብዞኛል። እንዳላፍር ምን ልወቅ? (ከናይሮቢ)

ዕድለኛ ነህ። ወንድን «ሶፓ» በል፣ «ኤፓ» ይልሃል። ሴትን «ታክዌንያ» በል፣ «ኢኮ» ትልሃለች። ልጆች አጠገብህ መጥተው አናታቸውን ጎንበስ ካደረጉ ግራ አትጋባ፣ ሰላምታ ነው። መዳፍህን አናታቸው ላይ ቀስ አድርገህ አሳርፍ። እጅ አትዘርጋላቸው።

ሽማግሌ መዳፉ ላይ ቱፍ ብሎ ቢጨብጥህ አትሸማቀቅ። ምርቃት ነው! አያቶቻችን «ቱፍ ቱፍ፣ እደግ» ይሉን የለ? ሙሽሪትንም አባቷ ወተት ጎንጨት አድርጎ ቱፍ እያለ ይመርቃታል። ከቤት ስትወጣ ወደኋላ አትዞርም፤ ከዞረች ድንጋይ ትሆናለች ይባላል። ስለዚህ ፎቶ ልታነሳት «ወደዚህ እዪ» ብለህ እንዳትጮህ፣ አደራ። ሌላም ሰው ቢሆን ሳታስፈቅድ አታንሳ።

«ስንት ከብት አላችሁ?» ብለህ ደግሞ እንዳትጠይቅ። ከብት በቁጥር አይነገርም፣ አይወዱትም። እነሱ ራሳቸው በረቱን ሲያዩ የሚለዩት በመልክ ነው፤ ማታ ላይ ያቺ ቡሬዋ ጠፍታለች ይሉሃል እንጂ አንድ ጎደለ አይሉህም። ይልቅ «ግጦሹ እንዴት ነው? ዝናቡ ገባ?» በል። «ኤንካይ» ብለው እግዜርን የሚጠሩበት ቃል ዝናብም ማለት ነው፣ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ መክፈቻ የለም።

ስጦታ ካልክ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘህ ሂድ፣ ለእናትየዋ ብርድ ልብስ ብትጨምር ትመረቃለህ። ለሙሽራው በኤም-ፔሳ ብትልክም ችግር የለም፤ ቀይ ሹካ ለብሶ፣ ጦር ይዞ፣ ስልኩ ሲጮህ ከወገቡ አውጥቶ ሲያይ ታገኘዋለህ። ሻይ ሲመጣ ስኒው ሙሉ ነው የሚሆነው፣ ስኳሩም ጥርስ ያማል፣ ግን እምቢ አትበል፣ ሁለተኛም ሲቀዱልህ እምቢ አትበል። የናሮኳ እናት ያን በወይራ የታጠነ ቅል ያወረደችልኝ ሦስተኛውን ስኒ ከጨረስኩ በኋላ ነው።